ያኮረፉት ነጥቦች

ለምወድዎትና ለማከብርዎት እትዬ፣

ደብዳቤዬ ጉልበትዎ በርትቶ፣ ራስ ምታቱ ለቆዎት፣ ዓይንዎም ቢያንስ በሩን ከመስኮቱ የሚለይልዎ ሆኖ እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ሐኪሙ ማንበብ መቼ ይፈቀድልዎታል አለ? ለእኔ በስልክ «ሦስት ሳምንት» ብለውኝ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ለእናቴ ደግሞ «አንድ ወር ነው» ብለዋታል። ከሁለታችን ማናችንን እየሸነገሉ እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ጠብታውን በሰዓቱ ያድርጉ። እኔ በአካል ደህና ነኝ። «በአካል» ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ እደርስበታለሁ።

ስልክ ብትደውይ አይሻልም ነበር ወይ ይሉኝ ይሆናል። ደውያለሁ እኮ! ባለፉት ስምንት ወራት በደወልኩ ቁጥር ስልኩን የሚያነሡት እርስዎ ነዎት። ልጅዎ የት አለች ስል ተኝታለች ይሉኛል። ጠዋት ስደውል ተኝታለች፣ ከምሳ በኋላ ስደውል ተኝታለች፣ እሑድ ስደውል ተኝታለች። ሰው ስምንት ወር ሙሉ እንዴት ይተኛል እትዬ? እንዲያውም አንድ ቀን ተኝታለች እያሉኝ ከጀርባዎ ሳህን ሲታጠብ ይሰማኝ ነበር። በዚያ ቤት ያላችሁት ሁለት ብቻ ናችሁ፤ ሳህኑ ደግሞ ራሱን አያጥብም።

ስለዚህ ጻፍኩ። ዓይንዎ እስኪድን ደብዳቤ የምታነብልዎ እሷ መሆኗንም አውቃለሁ። አንባቢዋ ይቅርታ ታድርግልኝና አንድም መስመር ሳትዘል ታንብብ። አምስት ገጽ ነው፤ ጥግ ጥጉ ላይ በወፍራሙ ቁጥር ጽፌበታለሁ። ሦስተኛው ላይ «በቃ አለቀ፣ ሰላምታ ብላለች» ከተባሉ አለማለቁን ይወቁ።

ልጅዎ ከላቦራቶሪያችን ወጥታ ወደ እርስዎ የተመለሰች ጊዜ ሥራው አልቆ ነው እንዳለችዎት ሰማሁ። ሥራው አላለቀም እትዬ። ሥራው እስከ ዛሬ ጠዋት አለ። የእሷን ውል ያላሳደሱት በእኔ ምክንያት ነው። ዛሬ ካልጻፍኩት መቼም አልጽፈውም። እርስዎ ቤት አንድ አልጋ ላይ ግድግዳውንና ጫፉን ተከፋፍለን ያደግን ሰዎች ነን፤ ማን አደረገው ቢባል የመጨረሻዋ ተጠርጣሪ እኔ ነበርኩ። እንዴት እንደሆነ እንዲገባዎት ከሥራው መጀመር አለብኝ። አይፍሩ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ሲኒማ ቤት በባትሪ ወንበር ሲያስይዙ ለኖሩ ሰው ከባድ አይደለም። ኮሚቴአችን ውስጥ ካሉት ከአንዳንዶቹ ይልቅ እርስዎ ቶሎ ይገባዎታል።

አንድ ረድፍ ወንበር ሙሉ ሰው ተቀምጦበታል ይበሉ። ከመካከል አንዱ ብድግ አለ። አሁን ሁለት ነገር አለ፤ የቆመ ሰውና ባዶ ወንበር። ጎረቤትየው ወደ ባዶው ፈቀቅ ቢል ባዶው ወደ እሱ ቦታ ሄደ ማለት ነው። ቀጣዩም ፈቀቅ ቢል እንደዚያው። ባዶ ወንበር እግር ሳይኖረው ረድፉን ሁሉ ይዞራል። በእኛ ሥራ የቆመው ኤሌክትሮን ይባላል፣ ባዶ ቦታው ጉድጓድ፤ ያስነሣው ደግሞ ያበራንበት ብርሃን ነው። ሁለቱ ይፈላለጋሉ፣ ተያይዘውም ይዞራሉ፤ ጥንዱ ኤክሳይቶን የሚባል የራሱ ስም አለው። ሰውየው ተመልሶ ሲቀመጥ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ የተነሣበትን ጉልበት ብርሃን አድርጎ ይመልሳል። ያን ብርሃን ነው በማይክሮስኮፕ የምናየው።

ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ሁለቱ እንደልባቸው ተራርቀው መንሸራሸር ይችላሉ። እኛ የምንሠራው ግን ናኖ ክሪስታል ነው፤ ከፀጉር ውፍረት አሥር ሺህ ጊዜ የሚያንስ ቅንጣት። እዚያ ውስጥ ፈቀቅ የሚባልበት ቦታ የለም። ክፍሉ በጠበበ ቁጥር ለመነሣት ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሲመለስ የሚወጣው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ክፍሉ ሰፋ ሲል ወደ ቀይ። ቁሱ ያው አንድ ዓይነት ነው፣ ቀለሙን የሚለየው ስፋቱ ብቻ። ልጅዎ ይህን ስትሠራ ባዩአት! ከሚፈላው ብልቃጥ በመርፌ እየቀዳች በትንንሽ ጠርሙስ ትደረድረዋለች፤ መጀመሪያ የወጣው አረንጓዴ፣ ከዚያ ቢጫ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ መጨረሻ ላይ ቀይ። ሁሉም ከአንድ ብልቃጥ! ሰዓት እንኳ አታይም፤ አሁን ትላለች፣ መርፌውን ትስባለች። እኔ ሰዓት ይዤ ስሞክረው ቡኒ ጭቃ ነበር የሚወጣልኝ። ሞያዋ እጇ ላይ ነው፤ የእኔ ኮምፒውተር ላይ ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ቅንጣት ለብቻው ቢመለከቱት ከላይ መብራቱ ሳይቋረጥ እየበራበት ድንገት ድርግም ይላል። አንዳንዴ ለሴኮንድ፣ አንዳንዴ ለደቂቃ። ከዚያ ማንም ሳይነካው ተመልሶ ይበራል። ከቆሙት አንዱ ግድግዳው ላይ ባለ ስንጥቅ ሲቀረቀር ነው፤ የእሱ ወንበር ባለቤት አጥቶ መሐል ላይ ይቀራል፣ ከዚያ በኋላ የሚፈጠረው ጥንድ ሁሉ ብርሃኑን ወደ ውጭ መስጠቱን ትቶ ለዚያ ባለቤት ላጣ ወንበር ይሰጠዋል። ብርሃን መሆን የነበረበት ሙቀት ሆኖ እዚያው ያልቃል። የተቀረቀረው ሲለቀቅ እንደገና ይበራል። ይህን የምጽፈው ስለ ክሪስታል ነው፤ ስለ ሌላ ሰው የምናገር መስሎ የሚሰማው ካለ የራሱ ጉዳይ ነው።

ለዚህ ነገር እኔና ልጅዎ በመጀመሪያው ሳምንት ስም አወጣንለት። ስክሪኑ ላይ እንደ ነጥብ የሚታየው ቅንጣት ሲጨልም አኮረፈ፣ ሲበራ ታረቀ። ጨለማው ክፍል ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ስክሪኑን እያየን፣ ይቺ ደግሞ ማን ተናገራት፣ ያን ግራ ጥግ ያለውን አባብዪው እንጂ እየተባባልን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር። እሷ መዝገቧ ላይም በዚያው ቃል ትጽፍ ጀመር፦ «ሰባተኛው፣ በአሥራ ሁለተኛው ሴኮንድ አኮረፈ፣ በአርባኛው ታረቀ።» ገጹ ሁሉ እንደዚያ ነው። መዝገቡን ያየ ሰው የሠፈር ሽማግሌ ማስታወሻ ነው ሊል ይችላል።

አሁን አለቃችን ይምጣ። ሲናገር ጠረጴዛውን በብዕር የሚያንኳኳ ሰው ነው፤ ከኋላው ብዕሩ ብለን ነው የምንጠራው። ብዕሩ ክሪስታሎቹን በወፍራም ልባስ ሸፍነን የማያኮርፉ እናድርጋቸው የሚል ሐሳብ ነበረው። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። በዓይን እየቆጠርን ዕድሜአችን ሊያልቅ ነው አለና የሚቆጥር ፕሮግራም እንድሠራ ለእኔ ሰጠኝ። አራት ወር ሠራሁት። ፕሮግራሜ እያንዳንዱን ነጥብ አሥር ደቂቃ ያየዋል፣ የድምቀቱን አማካይ ይወስዳል፣ እኔ ካሰመርኩት መስመር በታች የሆነውን ቆሻሻ ብሎ ይጥለዋል። የቀሩትን ቆጠርን። ከመቶው ዘጠና ሰባቱ አያኮርፉም! ብዕሩ ሊያቅፈኝ ምንም አልቀረው። ጥናቱ ታተመ ማለት ይቻላል፣ ስሜም ከፊት ነበር።

ልጅዎ ግን ዓይኔ እንደዚያ አያይም አለች። ደረጃው ላይ ነበር የነገረችኝ፣ ማንም በሌለበት፣ ለስለስ አድርጋ። ብዙ የሚያኮርፍ ነጥብ አማካዩ ዝቅ ይላል አለችኝ፤ ዝቅ ሲል ከመስመርሽ በታች ይወድቃል፤ አንቺ ያኮረፉትን በሙሉ ከቤት አስወጥተሽ ማንም አላኮረፈም ትያለሽ። እትዬ፣ ይህ ማለት ፊልሙ ያልጣማቸው ሰዎች ተነሥተው ከሄዱ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የቀሩትን ፊልሙ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ ነው። እርስዎ እንኳ እንዲህ ያለ ስሕተት አይሠሩም። ይህን ስሕተት ለመሥራት ብዙ መማር ያስፈልጋል።

እኔስ ምን አልኩ? ደሜ ፈላ። የአራት ወር ሥራዬን ነዋ! ትቻት ደረጃውን ወጣሁ። እሷ ግን የማትተው ሰው ነች፤ በሚቀጥለው ረቡዕ ስብሰባ ላይ መዝገቧን ይዛ መጣች። ብዕሩ ተቀበላትና ገለጠው፣ ከዚያ ጮክ ብሎ አነበበው። አኮረፈ። ታረቀ። አኮረፈ። ታረቀ። በየመካከሉ ጠረጴዛውን እያንኳኳ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ይህ የማን ቋንቋ ነው፣ የሳይንስ ነው ወይስ የሴቶች ጨዋታ ብሎ ጠየቃት። ልጅዎ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

ቃሉን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ እትዬ። እና ከሰዎቹ ጋር ሳቅሁ።

ቀጥሎ ብዕሩ እነዚያ የጨለሙት ነጥቦች ምንድን ናቸው ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ቆሻሻ ናቸው፣ ብርጭቆዎቹን በደንብ አታጥብም አልኩ። ልጅዎን! ጠርሙስ ሦስት ጊዜ አጥባ ለብርሃን አንሥታ የምታየውን! ከዚያ በኋላ ውሉ አልታደሰም። ምክንያት ተብሎ የተጻፈው «የሥራ ጥራት ጉድለት» የሚል ነው። እሷ ለእርስዎ «ሥራው አለቀ» ብላ ያሳጠረችው ይህንን ነው። እኔን ደብቃ ማለት ነው።

ባለፈው ወር የታተመውን ጥናታችንን ያነበበች አንዲት የሌላ ላቦራቶሪ ተመራማሪ ጻፈችልን። እንዳላችሁት አድርገን ሠራን፣ የእኛዎቹ ግን ድርግም ድርግም ይላሉ፣ ምናልባት ማይክሮስኮፑ የቀረጸውን ያልተነካውን ቅጂ ብትልኩልን አለች። በጣም ጨዋ ደብዳቤ ነው፤ ጨዋነቱ ራሱ አመመኝ። ቅጂውን ከፈትኩና መስመሬን ሰረዝኩት። አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ነጥብ ነበር። ፕሮግራሜ ያስቀረው ሦስት መቶ አሥራ አራቱን፤ የጣለው ስምንት መቶ ሃያ ስድስቱን። የተጣሉትን አንድ በአንድ አየኋቸው። ቀለማቸው ከቀሩት ጋር አንድ ነው። ይጨልማሉ፣ ይመለሳሉ፣ ይጨልማሉ፣ ይመለሳሉ። ቆሻሻ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። ቆሻሻ አይታረቅም እትዬ።

ከዚያ የሆነውን መከራ ልንገርዎ። ብዕሩ ዘንድ ሄጄ ነገርኩት። አልደነገጠም፣ አንኳኳ። ሁለት መስመር «የቴክኒክ ማስተካከያ» ብለን እንላክ፣ የሰው ስም ማንሣት አያስፈልግም አለኝ። እኔ ደግሞ ይህን መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት ተብሎ ስሟ ይጻፍ አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚህ ተጨቃጨቅን። እኔ ስሟን አስገብቼ እልካለሁ፣ ወረቀቱ ስሟ ወጥቶ ይመለሳል። አስገባለሁ፣ ይወጣል። አንድ ጊዜ ኮሚቴው ያየዋል ተባለ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ ታሟል ተባለ፤ ሰብሳቢው ሲድን ደግሞ ቅጹ ተቀይሯል፣ በአዲሱ ቅጽ አምጪ አሉኝ። አዲሱ ቅጽ ላይ ስም የሚጻፍበት ቦታ የለም። ማተሚያው ሳይቀር ከእነሱ ጋር ወግኖ ወረቀት ይበላብኝ ነበር። አሥራ ዘጠነኛውን ቅጂ ሳትም ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ያለቀስኩት አዝኜ አይደለም፣ በግኜ ነው።

ዛሬ ጠዋት ማንንም ሳላስፈቅድ ማስተካከያውን በቀጥታ ጥናታችንን ላተመው መጽሔት ላክሁት። ቅጂው በሙሉ፣ የእሷ ስም ከነአባቷ ስም፣ ስብሰባው ላይ እኔ ምን እንዳልኩም ጭምር። ሥራው እስከ ዛሬ ጠዋት አለ ያልኩዎት ለዚህ ነው። ከምሳ በፊት ጸሐፊዋ መጥታ የጨለማውን ክፍል ቁልፍ መልሺ ተብሏል አለችኝ፤ መለስኩ። ይህን የነገርኩዎት እንዲያዝኑልኝ አይደለም። ትንሽ እንኳ ቢያዝኑልኝ ግን አልጠላም።

በሁሉም ተናድጃለሁ እትዬ። በብዕሩ፣ በኮሚቴው፣ በራሴ። በልጅዎም ተናድጃለሁ። ያን ረቡዕ ምን እንዳደረገች ያውቃሉ? መዝገቧን ከድና በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። በማግስቱ መጥታ ጠርሙሶቿን ሁሉ አጠበች፣ አደረቀች፣ በየላያቸው ስማቸውን ጻፈች፣ ሄደች። ሰው እንዲህ ይደረጋል? በሩን ብትወረውረው ምን ነበረበት! አንድ ጠርሙስ እንኳ ብትሰብር! ኮሪደሩ ላይ ጠብቀሽኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየሽ ቃሉ የማን ነበር ብትዪኝ ምን ነበረበት! ብትጮሂብኝ እኔም እጮህ ነበር፣ ከዚያ አለቅስ ነበር፣ ከዚያ ሁለታችንም ተመልሰን ገብተን እንናገር ነበር። አንቺ ግን ብርጭቆ አጠብሽ።

ድምፅሽን አትቀንሺ። ቀጥዪ፣ እትዬም ይስሙ።

ከላይ ነገሩን ባለፈው ወር እንዳየሁት ጽፌአለሁ። ያን ገጽ ቀድጄ እንደገና ልጽፈው ነበር፣ ተውኩት። ባለፈው ወር ቅጂውን ስከፍት እዚያው ጎን ሌላ ፋይል ነበረ። መስመሩ ተሰርዞ የተቆጠረበት ነው፤ መጨረሻው ላይ ስምንት መቶ ሃያ ስድስት ይላል። ኮምፒውተሩ የተሠራበትን ቀን ይመዘግባል። ቀኑ ማክሰኞ ነው፣ ስብሰባው ከነበረበት ረቡዕ በፊት ያለው ማክሰኞ። የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል የሚያውቅ ሰው በዚያ ክፍል ከእኔ በቀር አልነበረም። ይህንንም ለመጽሔቱ ጽፌዋለሁ።

የዚያች ተመራማሪ አድራሻ ከጀርባ አለ። መጀመሪያ ያየችውን ሰው ማነጋገር እፈልጋለሁ ብላለች። ያንቺን አድራሻ አልሰጠኋትም፤ ከአሁን በኋላ በአንቺ ስም የምወስነው ነገር የለም። መዝገብሽ ጠረጴዛዬ ላይ ትተሽው ስለሄድሽ እኔ ጋ ነው። አንድም ቃል አልነካሁበትም፤ ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ።

እትዬ ዓይናቸውን ያብራላቸው፣ ምርቃታቸውን አያሳጣን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን። አንቺንም ያሰብሽውን ያድርስልሽ።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም። ብጽፈው ጮክ ብለሽ የምታነቢው አንቺ ነሽ፤ የእኔን ልመና በአንቺ አፍ አላስነግርም። እሱን እዚያ መጥቼ፣ እትዬ ባሉበት፣ በገዛ አፌ እለዋለሁ።

እህትሽ